አባባ ስንት ናቸው?

ውድ ሚስ፣

እናትሽ እንዴት ናቸው? ተነስተው መራመድ ጀመሩ? አንቺስ እንቅልፍ ታገኛለሽ? ይህን ሁሉ ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ወደ ራሴ ጉዳይ በመግባቴ አትቀየሚኝ፤ ነገር ሆዴ ውስጥ ሲያድር እንደሚያመኝ አንቺው ታውቂያለሽ። ከሄድሽ በኋላ የሆነ ነገር አለ፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ግን እሱን ብቻ ብነግርሽ አይወጣልኝም። እዚህ እያለሽ "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ብዬሽ እየሮጥኩ ያለፍኩት ብዙ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልናገረው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩሽም። ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ልወስድ የመጣሁ ቀን ትንንሾቹ ጫማዎች የተደረደሩበት ኮሪደር ላይ ጠጋ ብለሽ "ድንቢጥ ቁጥር ላይ ትንሽ እገዛ ትፈልጋለች" አልሽኝ። "የኔ ልጅ? የኔ ልጅ እኮ እስከ ሃያ ትቆጥራለች!" ብዬ እዚያው አስቆጠርኳት። እሷም ደረቷን ነፍታ ትንፋሽ ሳትወስድ ከአንድ እስከ ሃያ አንበለበለችው። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡት ሁሉ አጨበጨቡ። አንቺም አጨበጨብሽ። ከዚያ ምን አልሽ? "ጎበዝ! ዘፈኑን ችላዋለች፤ አሁን የቀረን መቁጠሩ ነው።"

ደሜ ፈላ። ልጄን ይዤ ወጣሁና ቤት እስክንደርስ ለብቻዬ ሳጉረመርም ሄድኩ። ቤት ስገባ ለአባባ ነገርኳቸው። የባሌ አባት መሆናቸውን፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ከእኛ ጋር እንደሚኖሩ ታውቂያለሽ። ሃያውን ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ ከእኔ ብሰው ተቆጡ። "ሃያ ያደረስኳትን ልጅ ወደ አንድ ልትመልሳት ነው? አራተኛ ማርሽ ላይ ያለ መኪና በአንዴ ወደ ኋላ ይመለሳል?" አሉኝ። እኔም "አይመለስም አባባ!" አልኩ። እንዲያው ሁለት ነገረኞች ተገናኝተን ያን ምሽት አንቺን አምተን አምተን ራታችን ቀዘቀዘ።

በነጋታው "ነይና አብረሽን ተቀመጪ" አልሽኝ። ከምሠራበት ስፌት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ የልኬት ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣሁ። መቼም ለመማር አልነበረም አመጣጤ፤ ልጣላሽ ነው የመጣሁት። በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ ስትዪኝ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ እንደዚያ ተቀምጦ ደግሞ ለመጣላት አይመችም።

ሦስት ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ደረደርሽላት። "ቁጠሪልኝ እስቲ።" ድንቢጥ ጣቷን ዘረጋች። አፏ ይሮጣል፣ ጣቷ ያዘግማል። "አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት!" አለችና ቀና ብላ አየችን። ሦስት ቆርኪ አምስት ሆኖ አረፈው። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። አንቺ ግን አልሳቅሽም፣ "ተሳስተሻል" አላልሽም፣ ወደ እኔም ዞረሽ "አየሽ?" አላልሽም። እሱን ብትዪኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ጠላቴ ነበርሽ። ባዶ የወተት ጣሳ አወጣሽና "አንድ ጨዋታ አለኝ፤ ጣሳው ካልጮኸ አፋችን አይናገርም" አልሻት።

አንዷን ቆርኪ ጣለች። ቋ! "አንድ።" ሁለተኛዋን ሳትጥል "ሁለት" ልትል አፏ ሲከፈት አንቺ ጆሮሽን ወደ ጣሳው አዘነበልሽ፤ ምንም አልጮኸም። ድንቢጥ በእጇ አፏን ያዘች። ይኸው እስካሁን ፊቷ ዓይኔ ላይ አለ፤ ቃሏን እንደ ውሃ ጉንጯ ውስጥ ይዛ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ቆርኪዋን ለቀቀች። ቋ! "ሁለት!" ብላ ፈነዳች። አንቺም እሷም ሳቃችሁ፣ እኔም ልጣላ የመጣሁት ሴትዮ ሳቅኩ።

ደግሞ ያ ብቻ መስሎኝ! ሦስቱም ጣሳ ውስጥ ከገቡ በኋላ "ታዲያ ስንት ናቸው?" አልሻት። ጣሳውን ገልብጣ እንደገና መቁጠር ጀመረች። ጨረሰች፤ "ስንት ናቸው?" እንደገና ገለበጠች። ለካ ሦስት ማለት ለእሷ የመጨረሻዋ ቆርኪ ስም ነው! "ይቺ ናት ሦስት" ብላ ለይታ አሳየችሽ። እኔ ብሆን ጣሳውን በመስኮት ወርውሬው ነበር። አንቺ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትጠይቂ ሆነሽ፣ በዚያው ድምፅ፣ ደጋግመሽ ጠየቅሽ። በመጨረሻ የጣሳውን አፍ በመዳፍሽ ከደንሽውና "እዚህ ውስጥ ያሉት፣ ሁሉም አንድ ላይ?" አልሽ። መቁጠር የማትችልበት ሲሆን ጣሪያውን አየች። ከዚያ በሹክሹክታ "ሦስት" አለች።

ሚስ፣ ፊትሽን አንቺ አላየሽውም፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ። ሰው ስለ ሦስት እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ቂሜን እዚያችው ትንሽ ወንበር ላይ ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላማ ቤታችን ሁሉ ጣሳ ሆነ። እኔ ከስፌት ቤት የተረፉ ቁልፎች አመጣለሁ፤ ባሌ ከሥራው የቆዩ የመብራት ማብሪያዎች ያመጣል፤ አባባ ደግሞ "ኧረ ይቺ ሴትዮ እውነቷን ነው" ብለው ሦስት ብሎን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መዞር ጀመሩ። በሦስት ጀመርን፣ አራት ላይ ደረስን። አምስትም አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ያመልጣል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ አባባ፤ አራተኛ ማርሽ ያሉት ሰውዬ!

ዳይሬክተሩ የመጡት ይሄኔ ነው። ትዝ ይልሻል መቼስ። ወደ አንደኛ ክፍል የሚያልፍ ልጅ እስከ አምስት ያሉ ነገሮችን ቆጥሮ ስንት እንደሆኑ መናገር አለበት፤ ያልቻለ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ዓመት ይደግማል፤ ደንቡ ይሄ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ ግን ችኩል ናቸው። የድንቢጥን ራስ ዳሰስ አድርገው "እናንተ ቤት ስንት ናችሁ?" አሏት። ልጄ አፏን ሞልታ "አምስት" አለች። አራት መሆናችንን እሳቸው ያውቃሉ፤ መዝገቡ ላይ አለ። እኔ፣ አባቷ፣ አባባ፣ እሷ። "ይቺ ልጅ ዘገም ያለች ናት፤ ባትቸኩሉባት ይሻላል" ብለው ሄዱ።

"ዘገም ያለች" የምትለዋን ቃል ስትነግሪኝ ድምፅሽ ተሰባብሮ ነበር። ምላሴን የሚያውቅ ሰው ያን ዕለት ቢያየኝ አሟታል ባለ ነበር። ስፌት ቤት ገብቼ አንድ ሱሪ እግሩን ከእግሩ ጋር ሰፋሁት፤ ባለሱሪው መጥቶ "ቀሚስ ነው እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ አላየሁትም። ጓደኞቿ ሁሉ ቦርሳ አንግተው ወደ ላይኛው ግቢ፣ ወደ አንደኛ ክፍል፣ ሲሄዱ ልጄ በር ላይ ቆማ ስታያቸው ይታየኝ ነበር። ዘገምተኛ የተባለ ልጅ ደግሞ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ነው ክፍል የሚገባው። የፈራሁት ይኼን ነው።

አንቺ ግን "አምስት" ያለችውን እንደ ስህተት አልተውሽውም። እንደ ጥያቄ ይዘሽው አደርሽ። በማግስቱ የመጫወቻ ኩባያዎቹን አውጥተሽ "ለቤታችሁ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ኩባያ ስጪ" አልሻት። ደረደረች። አምስት ኩባያ። "ይሄ የማን ነው?" "የእማዬ።" "ይሄስ?" "የአባዬ።" "ይሄስ?" "የኔ።" "ይሄስ?" "የአባባ።" "ይሄስ?" "የአባባ።"

"አባባ ስንት ናቸው?" አልሻት።

"ሁለት ናቸዋ!" አለች፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን። "እማዬ 'መጣች' ነው የምትባለው። አባዬ 'መጣ' ነው የሚባለው። ልጆቹ 'መጡ'። አባባም 'መጡ'።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ብዙ ናቸው፤ ራሳቸው ነግረውኛል" ብላ ጨመረችልሽ።

ስትጠሪኝ ስንቅ የረሳሁ መስሎኝ እየሮጥኩ መጣሁ። በሩ ላይ ቆመሽ፣ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ፣ ደግሞ እየሳቅሽ፣ "ልጅሽ ዘገምተኛ አይደለችም! ጆሮዋ ነው የቆጠረው! የሰማችውን ነው የቆጠረችው!" አልሽኝ። ነገሩን ስታስረጂኝ ኮሪደሩ ላይ ከነመቀሴ ቁጭ አልኩ። እኛ አፋችንን እንደፈታንበት "መጡ፣ ሄዱ፣ ተኙ" እንላለን፤ ማን ልብ ይለዋል? ልጄ ልብ ብላዋለች። ለካ ዳይሬክተሩንም ሁለት አድርጋ ነው የምትቆጥራቸው። አንዱ ራሱ መቼ አነሰን!

ማታ አባባን ያዝኳቸው። "ምን ብለዋት ነው?" ራሳቸውን አከኩ። "ለምን ለእርስዎ 'መጡ' ይባላል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ትልቅ ሰው ብቻውን ብዙ ነው አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?" አሉ። ባሌ ከሳቁ ብዛት ወንበሩን ይዞ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን "አባባ አንድ ናቸው፣ በቃ" ብሏት ያልፍ ነበር። አንቺ አባባን ራሳቸውን አስጠራሽ! ሱፋቸውን ለበሱ፤ ክራቫታቸውን አስሬ አስፈቱኝ። ክፍል ስንገባ "ድንቢጥ፣ አባባ እንግዳችን ናቸው፤ የሚቀመጡበት ወንበር አምጪላቸው" አልሻት። እየጎተተች ሁለት ወንበር አመጣች፤ ጎን ለጎን አስቀመጠች። "አባባ፣ ይቀመጡ።" አባባ አንዱ ላይ ተቀመጡ። ሌላው ባዶውን ቀረ።

ድንቢጥ ባዶውን ወንበር አየች፣ አባባን አየች። ሰውዬው ሲፈጥራቸው ነገር ወዳድ አይደሉ? የልጅቷን መጨነቅ አይተው ቀስ ብለው አንድ እግራቸውን ወደዚያኛው ወንበር አሻገሩ። "አባባ!" አልሻቸው፣ በዚያ ለልጆቹ በምታወጪው ድምፅ። ዕድሜ ልካቸውን ለትራፊክ ፖሊስ ያልደነገጡ ሰው እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ስንት አፍንጫ አላቸው?" አልሻት። ሄዳ ነካችው። "አንድ።" "ስንት ኮፍያ?" "አንድ።" "ስንት ወንበር ሞሉ?" ባዶውን ወንበር እየጎተተች ወደ ቦታው መለሰችው። ፊቷ ግን ጨፍግጓል፤ አንድ አያት እንደወሰድሽባት ገብቶኛል። "ታዲያ ለምን 'መጡ' ይባላሉ?" አለችሽ፣ ጠብ በሚመስል አነጋገር፤ በዚህ የኔ ልጅ መሆኗ ያስታውቃል። አንቺም ጎንበስ ብለሽ "ሰውዬው አንድ ናቸው። 'መጡ' የምንለው ስለምናከብራቸው ነው። አክብሮት ጣሳ ውስጥ ሲገባ አይጮኽም፤ ስለዚህ አንቆጥረውም፤ ግን አለ" አልሻት።

አባባ ማታ ራታቸውን እየበሉ "ይቺ ልጅ ማን ነው ያስተማራት?" አሉኝ። ስለ አንቺ ነው። "እኔን አንድ አደረገችኝ፤ ግን አላሳነሰችኝም" አሉ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ እናትሽ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ፣ አንቺም ሄድሽ። እዚህ ላይ ያልነገርኩሽ አለ። በስልክ ስትጠይቂኝ "ደህና ናት፣ እየቆጠረች ነው" ያልኩሽ ውሸት ነበር። በአንድ ልብሽ ሁለት በሽተኛ እንዳታስታምሚ ብዬ ነው። ድንቢጥ ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ መቁጠር እምቢ አለች። ቆርኪ ብናቀርብላት "ሚስ ስትመጣ" ትላለች። ቁልፍ ብንደረድር "ሚስ ስትመጣ" ትላለች። አዲሷ አስተማሪ ደግ ልጅ ናት፣ ብዙ ለመነቻት። አባባ ብሎኖቻቸውን አውጥተው ሆን ብለው እያሳሳቱ ቢቆጥሩላት እንኳ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ዝም። ፈተናው ደግሞ እየቀረበ ነው። ማታ ማታ ባሌ "አንድ ዓመት ብትደግም ምን አለበት?" ይለኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሱም አይልም፣ እኔም አልልም።

የፈተናው ቀን አባባ "ያለ እኔ አይሆንም" ብለው ተከትለውን መጡ። ክፍሉ ውስጥ ዳይሬክተሩና አዲሷ አስተማሪ ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሩ ኪዩቦች ደረደሩ። "ስንት ናቸው?" ዝም። እርሳሶች አወጡ። "ስንት ናቸው?" ዝም። አባባ ከኋላ ሆነው አራት ጣት ሊያሳዩዋት ሲሉ እጃቸውን ቆነጠጥኳቸው። ዳይሬክተሩ፣ ሐሜቴን እመልሳለሁ፣ ያን ዕለት አልቸኮሉም። ጠበቁ። ደጋግመው ጠበቁ። ልጄ ጠረጴዛውን ታያለች። በመጨረሻ ኪዩቦቹን ሰብስበው ወደ ሳጥኑ መለሱና፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ፣ ለወሬ ያህል፣ "እሺ ድንቢጥ፣ አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ነን?" አሏት።

ከወንበሯ ወረደች።

የዳይሬክተሩን ጉልበት ነካች። "አንድ።" እንደገና ትቆጥራቸዋለች ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸውም "መጡ" የሚባሉ ናቸውና። አለፈቻቸው። አዲሷን አስተማሪ ነካች፤ "ሁለት።" እኔን፤ "ሦስት።" አባባ ፊት ስትደርስ ቆመች። ቆየች። አባባ በሕይወታቸው እንደዚያ ጭጭ ብለው አያውቁም። እጃቸውን አንስታ ያዘችና "አራት" አለች፤ ለቀቀቻቸው። ተመልሳ ወደ ወንበሯ ስትሄድ "ራሷን ረሳች፣ ወይኔ ልጄን" ብዬ አፌን ልከፍት ስል መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። "አምስት።"

"ስንት ነን?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"አምስት ነን።" እንደገና አልቆጠረችም። አንዴ ብቻ ነው ያለችው።

ዳይሬክተሩ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ፈተናው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከአምስት በላይ የሚጠይቅ የለም። ድንቢጥ ግን አልተቀመጠችም። መስኮቱ ሥር፣ አንቺ ትቀመጪበት ወደነበረው ቦታ ዞር ብላ አየችና "ሚስ ብትኖር ስድስት እንሆን ነበር" አለች።

ዳይሬክተሩ ወደ አዲሷ አስተማሪ ዞረው "ይሄን አስተምረሻታል?" አሉ። "ኧረ እኔ አይደለሁም" አለች። ወደ እኔ አዩ። አባባ ናቸው የመለሱት። "አስተማሪዋ እዚህ የለችም ጌታዬ። አልሰሙም እንዴ? ልጅቷ እኮ ነገረችዎ" አሉ።

አልፋለች፣ ሚስ። ዳይሬክተሩ ስሟን ከሚያልፉት ጋር ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ከበሩ ውጭ አቅፌያት ሳለቅስ "እማዬ፣ የተሳሳትኩት አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። የለም የኔ እናት፣ ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ አልኳት።

አንቺ የሚጎድልን ሰው ሆነሻል፤ ስንት እንደጎደለንም ልጄ በትክክል ታውቃለች። እናትሽን ደህና አድርገሽ አስታምሚ፤ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሲሻላቸው ይዘሻቸው ነይ። እሳቸውም "መጡ" የሚባሉ ናቸው፤ አንድ ወንበር ግን ይበቃቸዋል።

ከአምስቱ አንዷ፣
የድንቢጥ እናት